የሰዓት ቆጣሪው በቀን አንዴ ብቻ የሚዞር የሶቪየት ሰዓት፦ ብልሽት ነው ወይስ በእርግጥ ለዋልታ አሳሾች የተሠራ ነው?

ጠያቂ፦ ወራሹ

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ባለፈው ወር እናቴ የልብስ ሣጥናቸውን ስታስተካክል በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የእጅ ሰዓት አግኝታ ሰጠችኝ። አባቴ ከ1970 እስከ 1976 ዓ.ም. ሌኒንግራድ ምሕንድስና ተምረዋል፤ ሰዓቱንም ሲመለሱ በእጃቸው አድርገውት እንደ መጡ እናቴ ታስታውሳለች። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ በእጃቸው ላይ ከማየቴ በቀር ስለ ሰዓቱ የማውቀው ነገር የለም።

አካሉ ብረት፣ ገጹ ነጭ ነው። በገጹ ላይ «ራኬታ» የሚል ስም በሩስያ ፊደል ተጽፎበታል፤ ከታች ጠርዙ ላይ ደግሞ በዚያው ፊደል «በሶቪየት ኅብረት የተሠራ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ቁጥሮቹ እንደ ለመድነው ከ1 እስከ 12 አይደሉም፤ ከ1 እስከ 24 ክቡን ዞረው 24 ከላይ፣ 12 ከታች ተቀምጠዋል። መሙያውን ጥቂት ባዞርኩት ጊዜ ወዲያው መምታት ጀመረ፤ የደቂቃ ቆጣሪው በትክክል ይሄዳል፤ የሰዓት ቆጣሪው ግን ዳተኛ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስጠብቀው በተለመደው ሰዓት ላይ የሚሄደውን ግማሽ እንኳ በጭንቅ ነው የሄደው።

አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው ነበር። ገና ክዳኑን ሳይከፍተው «በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሠራው፤ የውስጡን ጥርስ ለውጬ፣ ባለ 12 ገጽ አድርጌ እንደ ሰው ሰዓት አደርግልሃለሁ» አለኝ። ነገሩ ስላልተዋጠልኝ መልሼ ያዝኩት። በኋላ ሳጠያይቅ አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለው ሰዓት በደቡብ ዋልታ ለሚሠሩ የሶቪየት ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መሆኑን ነገረኝ። አባቴ ግን ከሌኒንግራድ አልፈው ወደ በረዶው ምድር መሄዳቸውን ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ጥያቄዬ፦ ሰዓቱ ተበላሽቷል ወይስ ተፈጥሮው ነው? በእርግጥስ የዋልታ ሰዓት ነው? አንድ ነገር ልጨምር፤ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ ከ18 ቁጥር ትይዩ፣ የጥፍር ቀለም የምትመስል ቀይ ነጥብ አለች። የፋብሪካ ምልክት ትሆን ይሆን?

መላሽ፦ ሰዓት ሠሪው ከፒያሳ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ፤ ሳያስነኩት መልሰው መያዝዎ ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። በተራ ሰዓት ላይ የሰዓት ቆጣሪው አንዴ ክቡን ሲጨርስ የደቂቃው 12 ጊዜ ይዞራል፤ በእርስዎ ሰዓት ላይ ደግሞ 24 ጊዜ ይዞራል። ለዚህ ነው በዓይንዎ ሲያዩት የዘገየ የሚመስልዎ። ልዩነቱ ያለው ከገጹ ሥር፣ ሁለቱን ቆጣሪዎች በሚያገናኙት ትንንሽ ጥርሳማ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ሞላ፣ ባላንስ (ወዲያና ወዲህ እያለ ምቱን የሚጠብቀው ጎማ) እና ሌላው ሁሉ የተራው ራኬታ ወንድም ነው።

ያ ሰው «እለውጠዋለሁ» ያለዎት በትክክል ሰዓቱን ልዩ የሚያደርጉትን ሁለት ነገሮች፣ ጥርሱንና ገጹን ነው። ሞላ ቢሰበር ከሌላ ራኬታ ተወስዶ ይተካል፤ እነዚያ ጎማዎች ግን ከተራ ሰዓት አይገኙም። ክዳኑን በሚገባው ቁልፍ የሚከፍት ሰው ዘንድ ይውሰዱትና ውስጡን ይዩ። ድልድዩ ላይ (ጎማዎቹን ከላይ የሚይዘው ብረት ነው) 2623 የሚል ቁጥርና አንዲት የሩስያ ፊደል ካገኙ ለባለ 24 ሰዓቱ የተሠራው የራሱ ሞተር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሐዞች የሞተሩን ስፋት በሚሊ ሜትር ይናገራሉ። 19 የሩቢ ድንጋዮችም አሉት።

አንድ አደራ አለኝ፤ ዘይቱ እስኪታደስ ድረስ ደግመው አይሙሉት። ለዓመታት የተቀመጠ ሰዓት ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ «ይመታል» ብለው ሲያስሩት የብረቱ እግሮች ያለ ዘይት ይፋተጋሉ። ቀይዋን ነጥብ በተመለከተ፣ ፋብሪካ መስታወት ላይ ነጥብ አያደርግም። አንዳንድ ጠጋኝ መስታወቱን ሲያወጣ አቀማመጡ እንዳይጠፋበት ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በላይ መናገር አልችልም።

መላሽ፦ ሰብሳቢ ከሜሪላንድ

ሰዓት ሠሪው ስለ ውስጡ በሚገባ ስላስረዱ እኔ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ልጻፍ፤ የዋልታ ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ በብዙ ቦታ ተምታትቶ ነው የሚነገረው።

ራኬታ በሶቪየት ዘመን ይሠራ የነበረው ከሌኒንግራድ በስተምዕራብ፣ በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለችው በፔትሮድቮሬትስ ነው። ፋብሪካው ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1721 (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባቋቋመው የከበረ ድንጋይ መቁረጫ ይጀምራል፤ «ራኬታ» ማለትም «ሮኬት» የሚለውን ስም ያገኘው ግን ጋጋሪን በ1961 ወደ ጠፈር ከወጣ በኋላ ነው። በ1970 አካባቢ ይኸው ፋብሪካ ለሶቪየት የአንታርክቲካ ጉዞ አባላት ባለ 24 ሰዓት ገጽ ሰዓት አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነት ገጽ በሩሲያኛ «የዋልታ» እየተባለ ይጠራል።

ሰዎች የዋልታ ሰዓት ሲባል ብርድ የሚችል ማለት ይመስላቸዋል። ባለ 24 ገጹ ግን ከብርድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚያገናኘው ከንጋትና ከምሽት መጥፋት ጋር ነው። ሶቪየቶች ሚርኒ የተባለውን ጣቢያ በፌብሩዋሪ 1956 በአንታርክቲካ ዳርቻ ከፈቱ፤ በዲሴምበር 1957 ደግሞ ወደ መሐል ዘልቀው 3,488 ሜትር ከፍታ ላይ ቮስቶክን ተከሉ። በቮስቶክ ክረምት ፀሐይ ወደ አራት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ጭራሽ አትወጣም፤ በበጋው ደግሞ አትጠልቅም፤ በሰማዩ ዙሪያ እየዞረች ትውላለች፣ ታድራለች። መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ተኝቶ የነቃ ሰው ሰዓቱን አይቶ 6 ቢያነብ የትኛው 6 እንደሆነ ውጭ ወጥቶ ሰማይ በማየት ሊያውቅ አይችልም። ሥራ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ ጉዳት አልነበረውም፤ ነገር ግን የአየር ሁኔታ ተመልካቹ በዓለም አቀፉ ሰዓት በ0፣ በ6፣ በ12 እና በ18 ንባቡን ወስዶ በሬዲዮ መላክ አለበት። 6ን ከ18 ያምታታ ሰው የአንድ ቀን መዝገብ አበላሸ ማለት ነው። ባለ 24ቱ ገጽ ይህን ስሕተት ከሥሩ ይነቅለዋል፤ ቆጣሪው አንድ ቁጥር ላይ በቀን ሁለት ጊዜ አይደርስምና።

ብርዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መልሱም ሌላ ነው። ቮስቶክ በጁላይ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴልሽየስ ተለክቶባታል። በዚህ ብርድ የሚደነግጠው ዘይቱ ነው፤ ይረጋና ባላንሱን ይይዘዋል። ለዚህ ነው ከ1952 እስከ 1954 ወደ ሰሜን ግሪንላንድ የሄደው የብሪታንያ ቡድን የያዛቸው የቱዶር ሰዓቶች አርክቲክ ዘይት የሚባለው ልዩ ዘይት የገባባቸው። ሰዓቱ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ፣ ከወፍራም ካፖርት እጅጌ ሥር እስካለ ድረስ ግን የሰውየው ሙቀት ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ባለ 24 መሆኑ ብቻ ሰዓቱን ብርድ ቻይ አያደርገውም፤ የአባትዎ ሰዓት በክዳኑ ሥር ያለው ዘይት የሌኒንግራድ መምህር ከሚያስረው ሰዓት ዘይት የተለየ አይደለም።

ስዊዞቹ ለዚሁ ችግር ሌላ መላ አበጁ። ሮሌክስ በ1971 ያወጣው «ኤክስፕሎረር ሁለት» የተባለው ሰዓት ተራውን ባለ 12 ገጽ እንደያዘ በቀን አንዴ የምትዞር አራተኛ ብርቱካናማ ቆጣሪ ጨመረ፤ ጠርዙም ላይ 24 ቁጥሮችን ቀረጸ። ለዋሻ አሳሾችና ለዋልታ ተጓዦች የታሰበ ነበር። ለማንበብ የስዊዙ ይቀላል፤ ይህን አልክድም። የሶቪየቱ ገጽ የተጨናነቀ ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓት ያለው ስፋት 15 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ቆጣሪው 14 ላይ ይሁን 15 ላይ በጨረፍታ አይለይም። ይባስ ብሎ 5 ደቂቃ የሚውለው ከ2 ቁጥር ትይዩ ነው። ሆኖም እኔ የምወደው ይህንኑ የሶቪየቱን ነው፤ ተጨማሪ ቆጣሪ ሳይደርብ ቀኑን እንዳለ በአንድ ክብ ላይ ዘርግቶ ያሳያል።

አሁን ወደ አባትዎ። ይህ ገጽ ከተመራማሪዎቹ እጅ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ በሶቪየት ሱቆች ለማንም ይሸጥ ጀመር፤ ወደ ውጭ አገርም ተልኳል። የዓለም ከተሞች ስም የተጻፈበት የሚዞር ቀለበት ያለው ወንድሙም በዚሁ ሞተር ነው የሚሠራው። አባትዎ አንታርክቲካ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ ሱቅ መግባት ይበቃቸው ነበር። ለጉዞ አባል የተሰጠ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሆነው ሰነድ ወይም የሚታመን ታሪክ ነው። ክዳን ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ እንኳ ብቻውን አይበቃም፤ መቅረጫ ያለው ሁሉ ይቀርጻልና። የዋልታ ድብ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወይም የቼርኖቤል ሥዕል የታተመባቸው ገጾች ደግሞ አብዛኞቹ ከሶቪየት መፍረስ በኋላ ለገዢ ዓይን ተብለው በአሮጌ ሞተር ላይ የተለጠፉ ናቸው። የእርስዎ ሥዕል አልባ ነጭ ገጽ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነው። ገጹን ቀለም አያስቀቡ፤ አካሉንም አያስፈግፍጉ።

መላሽ፦ አንባቢ

አንድ ነገር የተረሳ መሰለኝ። ዋልታ ላይ ያለው የምድር ማግኔት ኃይለኛ ስለሆነ ተራ ሰዓት እንደሚያቆም ሰምቻለሁ። ሰዓቱ የተሠራው ለዚያ ጭምር አይደለም?

መላሽ፦ ሰብሳቢ ከሜሪላንድ

ይህ በስፋት የሚነገር ነው፤ ግን ስሕተት ነው። የምድር የማግኔት መስክ በዋልታዎቹ አካባቢ ከምድር ወገብ አካባቢ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ቢሆን ነው፤ እሱም 0.6 ጋውስ (የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። ማቀዝቀዣ በር ላይ የምትለጠፈው ማግኔት ከዚያ በብዙ እጅ ትበልጣለች። ሰዓት የሚያውኩት ሰውየው ይዟቸው የሚሄዳቸው ጄነሬተሮች፣ ሞተሮችና የመለኪያ መሣሪያዎች ናቸው።

ማግኔትን ለመከላከል የታሰበ ሰዓት ካስፈለገዎ የዤጄ ለኩልትርን ጂኦፊዚክ ይፈልጉ፤ ሞተሩን የሚከልል ለስላሳ ብረት ከውስጡ አለው። ስሙን ያገኘው ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ከቆየው፣ የብዙ አገር ሳይንቲስቶች ምድርን በአንድነት ካጠኑበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው፤ ኦገስት 3 ቀን 1958 ኖቲለስ በተባለችው የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ከበረዶው ሥር በሰሜን ዋልታ ያለፉት አዛዥ ዊልያም አንደርሰንም ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱ ተበርክቶላቸዋል። ነገር ከተነሣ ላይቀር፣ አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመውም ለዚያው ዓመት ዝግጅት ነው፤ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን ነበሩ የመሠረቱት። አዲስ አበባ ለማግኔት ወገብ ቅርብ በመሆኗ ለዓለም የምትሰጠው ንባብ ነበራት። ያኔ በበረዶው ውስጥ የነበሩትና አራት ኪሎ የነበሩት ለአንድ መዝገብ ነበር የሚሠሩት።

መላሽ፦ የሌኒንግራድ የቀድሞ ተማሪ

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። እኔም በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ ስለነበርኩ አንተ ስልህ ቅር አይበልህ። ሊቃውንቱ ያሉትን አልደግምም፤ የማውቀውን ብቻ ልንገርህ።

ይህን ሰዓት ለመፈለግ አንታርክቲካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር። እኛ ንጋቱም ምሽቱም ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን ከሚጠብቅበት አገር ሄደን፣ በዲሴምበር ቀኑ ስድስት ሰዓት የማይሞላበት ከተማ ነው የገባነው። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ከክፍል መልስ ጋደም ብዬ ስነቃ ሰዓቴ 8 ይላል፤ ውጭው ጨለማ ነው። የጠዋቱ 8 ይሁን የማታው አላውቅም። ለብሼ ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ስወርድ የመኖሪያ ቤቱ በር ጠባቂ አሮጊት «ወዴት ነው ልጄ፣ ሲኒማ?» አሉኝ። በጁን ደግሞ ተገላብጦ እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ዳር ጋዜጣ ታነባለህ። እንግዲህ ባለ 24 ገጽ ሰዓት ሱቅ ውስጥ ስናይ ለምን እንደ ወደድነው ይገባሃል። የዋልታ ነገርም እዚያ ከተማ ሩቅ አልነበረም፤ ወደ አንታርክቲካ የሚሄዱትን የሚልከው ተቋም እዚያው ነበር፣ ሙዚየሙም ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ እሑድ እሑድ እየገባን አይተናል።

ከአርክቲክ ክበብ ወዲያ ካለችው ከሙርማንስክ የመጣ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ፤ በሰዓቱ አቅጣጫ መፈለግ እሱ ነው ያስተማረኝ። ሰዓቱን ጋደም አድርገህ የሰዓት ቆጣሪውን ወደ ፀሐይ ስታቀና 12 ቁጥር ደቡብን ያሳይሃል። በደቡብ ዋልታ በኩል ፀሐይዋ በተቃራኒው ስለምትዞር 12ን ወደ ፀሐይ ታደርግና ቆጣሪው ሰሜንን ያሳያል። እኛ አገር ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትወጣ ይህ ብልኃት አይሠራም፤ ሞክሬ ተስቆብኛል።

ዋናው ልነግርህ የፈለግሁት ይህ ነው። አገር ቤት ስንመለስ ብዙዎቻችን ይህን ሰዓት በኛ አቆጣጠር ነበር የምንሞላው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን ከላይ 24 ላይ ታደርገዋለህ። ከዚያ 1 ላይ ሲደርስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ታች 12 ላይ ሲደርስ ከምሽቱ 12 ነው፤ 13 ከምሽቱ 1፣ 14 ከምሽቱ 2 እያለ ይቀጥላል። ቆጣሪው በቀኝ በኩል ሲወርድ ይውላል፣ በግራ በኩል ሲወጣ ያድራል። ለፈረንጁ እኩለ ሌሊት ከላይ ነው፤ ለእኛ ግን ክቡ መሐል ለመሐል ተከፍሎ ቀኙ ቀን፣ ግራው ሌሊት ይሆናል። በዓመት ውስጥ የቀናችን ርዝመት ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ሁልጊዜም ይገጥማል። ፀሐይ ለማይወጣበት ምድር የተሠራው ገጽ ፀሐይዋ ሰዓቷን ለማታዛንፍበት አገር ልክክ አለ። የአባትህን ሰዓት ስታገኘው ቆሞ ስለነበር በየትኛው ይሞሉት እንደነበር ከሰዓቱ ማወቅ አይቻልም፤ እናትህን ጠይቃቸው።

ጠያቂ፦ ወራሹ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰዓቱን ትናንት ሌላ ባለሙያ ፊት አስከፍቼው ነበር። ድልድዩ ላይ 2623 የሚለው ቁጥር ከነፊደሉ ቁልጭ ብሎ አለ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከሦስት የተለያዩ እጆች በመርፌ የተጫሩ ቁጥሮች አሉ፤ ሁለቱ የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ይመስላሉ፣ 1979 እና 1985። ጠጋኞች የእድሳት ጊዜ የሚጽፉት እንዲህ ነው ብሎኛል። ስለ ጉዞ አባልነት የሚናገር ምንም ነገር የለም፤ እኔም ከእንግዲህ አልፈልግም።

ጋሼ እንዳሉኝ ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ሰዓቱን ተቀብላ ትንሽ አገላብጣ አየችውና «አባትህ ማታ ማታ ‹16 ሆነ፣ 17 ሆነ› እያለ ያስቀን ነበር» አለች። በፈረንጅ አቆጣጠር 16 እና 17 ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት እንጂ ማታ ስላልሆኑ፣ ስንት ሰዓት ማለቱ ነበር ብዬ ስጠይቃት፣ ከሌሊቱ 4 እና 5 ሰዓት መሆኑን ነገረችኝ፤ ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞሉት። ከዚያ ቀይዋን ነጥብ አሳየኋት። የጥፍር ቀለሙ የራሷ ነው። በዚያ ዘመን ሰዓት እላፊው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምር ነበር፤ አባቴ ደግሞ ጨዋታ ከያዙ ሰዓት ማየት የሚረሱ ሰው ነበሩ። ቁጥሮቹ ተጨናንቀው በመብራት ሥር አይለዩም ብለው ሲያሳብቡባት፣ አንድ ቀን ሰዓቱን ተቀብላ 18 ላይ ነጥቧን አደረገችበት።

የፒያሳው ወንድሜ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ቅዳሜ ሰዓቱን ይዤ እመጣለሁ። ዘይቱን ያድሱልኝ፣ ሞላውንም ይዩልኝ። መስታወቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ብዙ ተጭሯል፤ ትናንት ያየልኝ ሰው ቢለወጥ ይሻላል ብሎ ነበር። እባክዎ አይለውጡት፤ ሲያጸዱትም ከ18 ትይዩ ያለችውን ቦታ አይንኩብኝ።

መላሽ፦ ሰዓት ሠሪው ከፒያሳ

ይምጡ። ከ3 ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ነኝ፤ በእኛ 3 ሰዓት ማለቴ ነው።